ድርሻና ተራ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተሰጠ ንግግር)



የመረጥሁት አርእስት ስለ ኮምፒዩተር ነው። ይኸውም ኮምፒዩተር ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲቀርብለት የትኛውን እንደሚያስቀድም፣ ይልቁንም ሥራዎቹ በቡድን በቡድን ሆነው ሲመጡ እያንዳንዱ ቡድን ምን ያህል ጊዜ ሊጠብቅ እንደሚገባው እንዴት እንደሚወሰን የሚያስረዳ ነው። ነገሩ የመሐንዲሶች ብቻ መስሎ የሚታያችሁ ብትኖሩ ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። ተራ መጠበቅን የማያውቅ የላስታ ሰው የለምና፣ የነገሩን ሥር ሁላችሁም አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ።

አንድ ወፍጮ ብቻ ያለበትን ወፍጮ ቤት በሐሳባችሁ ተመልከቱ። አንድ ነጋዴ ዐሥር ኩንታል ጤፍ በአህዮች አስጭኖ በማለዳ ደረሰ። ከእርሱ ቀጥሎ አንዲት እናት አንድ ቁና ገብስ በስልቻ ይዛ መጣች። የነጋዴው እህል ለመፈጨት 5 ሰዓት ይፈጃል እንበል፤ የእርሷ ግን 6 ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል። ባለወፍጮው «ቀድሞ የመጣ ይቅደም» የሚለውን ሕግ ብቻ ቢከተል፣ እናቲቱ ለ6 ደቂቃ ሥራ 5 ሰዓት ትጠብቃለች፤ ልጆቿም እስከዚያው ይራባሉ። እርሷ ብትቀድም ግን ነጋዴው ከ5 ሰዓት ሥራው ላይ የሚዘገየው 6 ደቂቃ ብቻ ነው።

እንግዲህ በዚህ ምሳሌ ውስጥ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። እናቲቱ ከነጋዴው የበለጠ ወፍጮውን ልጠቀምበት አላለችም። የምትለምነው ቶሎ እንዲደርሳት ብቻ ነው። ስለዚህ ባለወፍጮው የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል?» የሚለው የድርሻ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው «መቼ ይደርሰዋል?» የሚለው የተራ ጥያቄ ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ድርሻና ተራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ጋር የሚያደባልቅ ተራ አስከባሪ፣ ሰውም ይሁን ኮምፒዩተር፣ ሳያውቀው ደካማውን ይበድላል።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንምጣ። በኮምፒዩተርም ሆነ በእጅ ስልክ ውስጥ ሒሳቡን የሚሠራው ክፍል ፕሮሰሰር ይባላል። በውስጡም ኮር የሚባሉ ሠራተኞች አሉት። አንድ ኮር በመሠረቱ በአንድ ቅጽበት የአንድ ሥራ ትእዛዝ ብቻ ይፈጽማል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ሙዚቃ ሲሰማ፣ ጽሑፍ ሲጻፍና ፋይል ሲወርድ እናያለን። ይህ የሚሆነው ኮሩ ለአንዱ ሥራ ጥቂት የሰከንድ ሺኛ ያህል ሠርቶ ወደ ሌላው እየዘለለ ስለሚያገለግላቸው ነው። የሰከንድ አንድ ሺኛ ሚሊሰከንድ ይባላል። ይህን ዙር የሚያዘው የኦፐሬቲንግ ሲስተም ክፍል በእንግሊዝኛ ስሙ ስኬጁለር ይባላል፤ እኔ ግን በአውቶቡስ መናኸሪያ እንደምናውቀው ሰው «ተራ አስከባሪ» እለዋለሁ። ለአንድ ሥራ በአንድ ጊዜ የሚሰጠውንም ጊዜ «ቁራሽ» እንበለው።

ይህ አሠራር ከየት እንደ መጣ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ዘመኖቹንም፣ የእኛ መሆኑን ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። በመጀመሪያዎቹ የኮምፒዩተር ዘመናት ተማሪው ፕሮግራሙን በተበሳ ካርድ ላይ አዘጋጅቶ ለኦፕሬተሩ ያስረክብ ነበር፤ ውጤቱንም ከብዙ ሰዓት በኋላ ወይም በማግሥቱ ይቀበላል። አንዲት ምልክት ብትሳሳትበት እንደ ገና ተሰልፎ ሌላ ቀን መጠበቅ ነበረበት። በኅዳር 1961 በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፈርናንዶ ኮርባቶና ጓደኞቹ ብዙ ሰዎች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ በየመሣሪያቸው ተቀምጠው በአንድ ጊዜ የሚሠሩበትን ሥርዓት ለሕዝብ አሳዩ። ከአሠራራቸውም ዋናው ነገር፣ አጭር ሥራ ያለው ቶሎ እንዲስተናገድ፣ ረጅም ሥራ ያለው ደግሞ ተራው እየራቀ በደረሰው ጊዜ ግን ረዘም ያለ ቁራሽ እንዲያገኝ ማድረጋቸው ነበር። የወፍጮ ቤታችን እናት ያን ጊዜ ፍትሕ አገኘች ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ሠላሳ ዓመት አልፎ፣ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን የኦፐሬቲንግ ሲስተም ልብ ጽፎ ለዓለም ሁሉ በነጻ ሰጠ። ዕድሜው ያን ጊዜ 21 ዓመት ነበር። ዛሬ ሊኑክስ በታላላቅ ኮምፒዩተሮችም ሆነ አንድሮይድ በሚባሉት ስልኮች ሁሉ ውስጥ ይሠራል። ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙዎቻችሁ የዚህን ተራ አስከባሪ ሥራ በኪሳችሁ ይዛችሁ ትዞራላችሁ።

በሊኑክስ ለእያንዳንዱ ሥራ «ናይስ» የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ቸር፣ ጨዋ እንደ ማለት ነው። ቁጥሩ ከ-20 እስከ 19 ይደርሳል። ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ሥራ ጨዋ ነው፤ ለሌሎች ይለቃል። ዝቅ ያለ ቁጥር ያለው ግን ብዙ ድርሻ ይወስዳል። ሁለት ሥራዎች በአንድ ኮር ላይ ሲሻሙ በመካከላቸው የአንድ ቁጥር ልዩነት ቢኖር፣ አንዱ ከመቶ 55 ያህል፣ ሌላው ከመቶ 45 ያህል ይደርሰዋል። ደግሞም ያልተፈቀደለት ተራ ተጠቃሚ የራሱን ሥራ ጨዋ ማድረግ ይችላል፤ ከሌሎች በላይ ከፍ ለማድረግ ግን የአስተዳዳሪው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ራስን ዝቅ ማድረግ ለሁሉ የተፈቀደ፣ ራስን ከፍ ማድረግ ግን በሌላ ዳኝነት የሚሆን መሆኑ መልካም ሕግ ይመስለኛል።

ነገር ግን ናይስ የሚናገረው ስለ ድርሻ ነው እንጂ ስለ ተራ አይደለም። ድርሻ የበዛለት ሥራ ብዙውን ጊዜ ቶሎም ይደርሰው ይሆናል። ጥቂት ድርሻ የሚበቃው፣ ያንን ጥቂት ግን በሰዓቱ የሚሻ ሥራ ሲመጣ ግን በዚህ ቁጥር ፍላጎቱን የሚናገርበት መንገድ አልነበረውም። እናቲቱ ቶሎ እንዲደርሳት ብላ የዐሥር ኩንታል ድርሻ ጠይቂ የተባለች ያህል ነው።

ይህን ጉድለት አጥብቀው ከተናገሩት ሰዎች አንዱ ኮን ኮሊቫስ የተባለ አውስትራሊያዊ ነው። እርሱ በሙያው የማደንዘዣ ሐኪም ነበር፤ የፕሮግራም ጽሕፈትን የተማረው በራሱ ጥረት ነው። የሊኑክስ ተራ አስከባሪ ለትልልቅ ኮምፒዩተሮች እየተመቸ በቤቱ አንድ ኮምፒዩተር ላለው ሰው ግን እየከበደ መሄዱን አይቶ፣ ጊዜ በእኩልነት የሚከፈልበትን ሐሳብ በሥራ አሳየ። በ2007 ሀንጋሪያዊው ኢንጎ ሞልናር ይህን የእኩልነት ሐሳብ መነሻ አድርጎ አዲስ ተራ አስከባሪ ጻፈ፤ ያም በዚያው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ወደ ሊኑክስ ገባና ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ አገለገለ። እነሆ፣ የአንድ ሐኪም ትዝብት በዓለም ላይ ያሉ ኮምፒዩተሮችን አሠራር ለመለወጥ ምክንያት ሆነ።

እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ ነጠላ ሥራዎች ነው። ስለ ቡድን ለማስረዳት ከወፍጮ ቤቱ ወጥተን ወደ ከተማችን የገና በዓል እንሂድ።

ለገና ምእመናን ከየአገሩ በቡድን በቡድን ሆነው ወደ ላሊበላ እንደሚመጡ ሁላችን እናውቃለን። ወደ ቤተ ጊዮርጊስም የሚወረደው በዓለት ውስጥ በተፈለፈለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። አሁን አንድ ቡድን 3 ሽማግሌዎች፣ ሌላው ቡድን 97 ጐልማሶች ይዞ መጣ እንበል። በመተላለፊያው በር የቆመው ሰው ቡድን ሳይለይ ሰው በሰው ቢያሳልፍ፣ ከመቶው ተራ 97ቱ የብዙዎቹ ይሆናል፤ ሦስቱ በመካከላቸው ይዋጣሉ። ነገር ግን ከየቡድኑ አንድ መሪ አቁሞ፣ ለመሪዎቹ እኩል ተራ ቢሰጥ፣ መሪዎቹም ከየራሳቸው ሰዎች መካከል አንዱን ቢጠሩ፣ ትንሹ ቡድን በትልቁ አይዋጥም።

በኮምፒዩተርም እንዲሁ ሆነ። ሁለት ተማሪዎች አንድ ኮምፒዩተር በጋራ ሲጠቀሙ፣ አንዱ 1 ሥራ ሌላው 9 ሥራ ቢያስነሣ፣ ቡድን ከሌለ የመጀመሪያው ከዐሥር አንድ እጅ ብቻ ይደርሰዋል። በቡድን ሲሆን ግን ለእያንዳንዱ ተማሪ እኩሌታው ይደርሰዋል፤ ዘጠኝ ያስነሣው የራሱን እኩሌታ ለዘጠኝ ይከፍላል። የጉግል መሐንዲሶች የነበሩት ፖል ሜናጅና ሮሂት ሴት በ2006 የጀመሩት የቡድን አሠራር በጥር 2008 ወደ ሊኑክስ ገባ። በኋላ በተሻሻለው ዓይነት ለእያንዳንዱ ቡድን ከ1 እስከ 10000 የሚደርስ የክብደት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማንም ካልነካው ቁጥሩ 100 ነው።

ነገር ግን አሁንም ልብ በሉ፤ ይህ የክብደት ቁጥር የድርሻ ቁጥር ነው። የቡድኑን ተራ የሚናገር ቁጥር አልነበረም። በ97ቱ ጐልማሶች ቡድን ውስጥ አንድ የደከሙ አባት ቢኖሩ፣ በበሩ የቆመው ሰው የሚያየው የቡድኑን መሪ ብቻ ነው። አባታችን የቱንም ያህል ቢቸኩሉ፣ ችኮላቸው በቡድናቸው ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል።

ይህን ለመፍታት በሊኑክስ ጸሓፊዎች ዘንድ ብዙ ክርክር ተደርጓል። በ2019 የአይቢኤም መሐንዲስ የነበረው ፓርት ሻህ፣ ከናይስ ቁጥር ሌላ፣ ስለ መጠበቅ ብቻ የሚናገር ቁጥር እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ። በ2022 ደግሞ በሊናሮ የሚሠራው ቪንሰንት ጊቶ ሐሳቡን አንሥቶ አሰፋው። በእርሱ ሐሳብ ይህ የመጠበቅ ቁጥርም እንደ ናይስ ከ-20 እስከ 19 የሚደርስ ሆኖ፣ ለነጠላ ሥራ ብቻ ሳይሆን ለቡድንም እንዲሰጥ የሚያደርግ ነበር። አስተዳዳሪው «የዚህ ቡድን ድርሻ አይጨመር፤ ነገር ግን ሲጠራ ቶሎ ይመለስለት» ብሎ ለማዘዝ ይችላል ማለት ነው። ስለ ሁለቱ ጥያቄዎች ሁለት ቁጥር እንዲኖር መፈለጉ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ሆኖም በመጨረሻ የተመረጠው መንገድ ከዚህ ጥቂት ይለያል። በ1995 ዮን ስቶይካና ሁሴን አብደል ዋሃብ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ስለ ጊዜ አከፋፈል አንድ ጥናት ጽፈው ነበር። ጥናቱ ሃያ ስምንት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ፒተር ዚልስትራ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ አዲስ ተራ አስከባሪ አዘጋጀ፤ ያም በጥቅምት 2023 በሊኑክስ 6.6 ውስጥ ገባ። ሕጉ ሁለት ብቻ ነው፤ በጥንቃቄ ላስረዳችሁ።

የመጀመሪያው ሕግ የውዝፍ ሕግ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ ሊደርሰው ይገባ የነበረውና በእውነት የደረሰው ጊዜ ይተሳሰባል። ያነሰው ውዝፍ አለው፤ ስለዚህ ለመቅረብ ይፈቀድለታል። ድርሻውን አልፎ የወሰደ ግን ሌሎች እስኪደርሱበት ድረስ ይቆማል። ሁለተኛው ሕግ የገደብ ሕግ ነው። ለመቅረብ ከተፈቀደላቸው መካከል፣ ሥራው ሊያልቅበት የሚገባው ጊዜ የቀረበው ይቀድማል። ይህ ገደብ የሚሰላው ሥራው በጠየቀው የቁራሽ ርዝመትና በድርሻው ነው። አጭር ቁራሽ የጠየቀ ገደቡ ይቀርባል፤ ረጅም የጠየቀ ገደቡ ይርቃል።

በቁጥር እንመልከተው። የስልክ ማያ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። እንግዲያውስ አዲሱን ሥዕል የሚያዘጋጀው ሥራ ከ16 እስከ 17 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ መጨረስ አለበት። ካልጨረሰ ማያው ይንቀረፈፋል፤ ጣት ነክቶት መልስ አይሰጥም። አሁን በአንድ ኮር ላይ 8 ከባድ የሒሳብ ሥራዎችና ይህ አንድ የሥዕል ሥራ አሉ እንበል፤ ድርሻቸውም እኩል፣ ከዘጠኝ አንድ እጅ ነው። የሥዕሉ ሥራ እንደ ሌሎቹ 3 ሚሊሰከንድ ቁራሽ ቢጠይቅ ገደቡ 3 ሲባዛ በ9፣ ማለት 27 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ሥዕሉም ሊዘገይ ይችላል። ነገር ግን የሚያስፈልገው 1 ሚሊሰከንድ ብቻ ከሆነና እርሱኑ ከጠየቀ፣ ገደቡ 9 ሚሊሰከንድ ይሆናል። የሊቃውንቱ ጥናት እንደሚያረጋግጠው ይህ ገደብ ቢያልፍ እንኳ ከአንድ ቁራሽ በላይ አያልፍም፤ 9ና 3 ደግሞ 12 ነው። ስለዚህ ሥዕሉ በጊዜው ይደርሳል። ድርሻው ግን ቀድሞም ከዘጠኝ አንድ ነበረ፤ አሁንም ከዘጠኝ አንድ ነው። ከስምንቱ ከማንኛቸውም ምንም አልተወሰደም።

በኅዳር 2024 በወጣው ሊኑክስ 6.12 ሥራዎች የቁራሻቸውን ርዝመት ራሳቸው ለመጠየቅ ቻሉ፤ ከሚሊሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ጀምሮ እስከ 100 ሚሊሰከንድ ድረስ። ስለ ቡድኑም መልስ ተገኘ። ቡድኑ በበሩ ሲቀርብ፣ በውስጡ ከሚጠባበቁት መካከል አጭር ቁራሽ የጠየቀውን አባል ርዝመት ይዞ ይቀርባል። ይኸውም የ97ቱ ጐልማሶች መሪ «በመካከላችን የደከሙ አባት አሉ» ብሎ ለበረኛው የሚናገር ያህል ነው። አባታችን ካለፉ በኋላ መሪው ያንን ቃል መናገሩን ይተዋል፤ ቡድኑም ወደ ቀድሞው ተራ ይመለሳል። ጐልማሶቹ በአባታችን ስም ቶሎ ቢገቡ እንኳ የውዝፉ ሒሳብ ይይዛቸዋል፤ ካለድርሻቸው የወሰዱትን ቆመው ይከፍላሉ።

በዚህ ሕግ ውስጥ ያገኘሁትን አንድ ጥበብ ለጓደኞቼ በተለይ ላመልክት። ለሁሉ ሰው «መቅደም ትፈልጋለህ?» ብንለው የማይፈልግ አይገኝም። ሁሉም ቀዳሚ ሲሆን ደግሞ ቀዳሚ የሚባል ይጠፋል። በዚህ ሥርዓት ግን ልመናው ራሱ ዋጋ አለው። አጭር ቁራሽ የጠየቀ ቶሎ ይገባል፤ ነገር ግን ቶሎ ይወጣል፤ ረጅም ሥራ ካለው ሥራው በየጊዜው ይቋረጥበታል። ረጅም ቁራሽ የጠየቀ ቆይቶ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን ሳይቋረጥ ይሠራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የሚሻለው ፍላጎቱን በእውነት መናገር ነው።

የመቋረጥ ዋጋ ቀላል አይደለም። በወፍጮ ቤት በርበሬ ሲፈጭ ቆይቶ ወዲያው ጤፍ ለመፍጨት ወፍጮውን ማጽዳት ያስፈልጋል። በየደቂቃው እህል ቢለዋወጥ፣ ባለወፍጮው ሲያጸዳ ይውላል እንጂ ሲፈጭ አይውልም። ኮምፒዩተሩም ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲዘል የጀመረውን መዝግቦ ማስቀመጥ አለበት፤ በቅርቡ ያከማቸው መረጃም ለአዲሱ ሥራ አይጠቅመውም። ስለዚህ ሁሉን ነገር ማጣደፍ ሁሉን ነገር ማዘግየት ነው። የሰው ጣት የማይጠብቀውን ሥራ፣ ለምሳሌ በሌሊት የሚደረግ የመዝገብ ቅጂን፣ ረጅም ቁራሽ ሰጥቶ ወደ ኋላ ማቆየት በደል ሳይሆን ለእርሱም ጥቅም ነው።

ቅድሚያ መስጠት ብቻውን እንደማይበቃ የሚያስተምር አንድ እውነተኛ ታሪክ ልጨምር። በሐምሌ 4 ቀን 1997 ማርስ ፓዝፋይንደር የተባለችው የአሜሪካ መንኰራኵር በማርስ ላይ አረፈች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒዩተሯ ሥራውን እያቋረጠ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣ ጀመር። መሐንዲሶቹ ምክንያቱን በምድር ላይ ባለው ተመሳሳይ መሣሪያ ፈልገው አገኙት። ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው የአየር ጠባይ መዝጋቢ ሥራ፣ ሁሉም በጋራ የሚጠቀሙበትን ቁልፍ ይዞ ሳለ፣ መካከለኛ ቅድሚያ ያለው ሌላ ሥራ ገፍቶ ያስቆመዋል። ከሁሉ በላይ ቅድሚያ ያለው ሥራ ደግሞ ያንን ቁልፍ ይጠብቃል። ትልቁ በትንሹ፣ ትንሹም በመካከለኛው ታስሮ ሁሉም ቆሙ። መፍትሔው፣ ቁልፍ የያዘው ዝቅተኛ ሥራ ቁልፉን እስኪመልስ ድረስ የሚጠብቀውን የትልቁን ቅድሚያ እንዲዋስ ማድረግ ነበር። መሐንዲሶቹም ይህን እርማት ከምድር ወደ ማርስ ልከው አዳኗት። ከዚህ የምንማረው፣ አንድን ቡድን ከፍ ከማድረጋችን በፊት፣ ያ ቡድን በማን እጅ ያለውን ነገር እንደሚጠብቅ መመርመር እንደሚገባን ነው። ብዙውን ጊዜ ቁልፉ ያለው ማንም በማያየው በትንሹ ሠራተኛ እጅ ነው።

ምናልባት ከወላጆች መካከል «ይህ ሁሉ ለላሊበላ ምን ይረባታል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሁለት መልስ አለኝ።

የመጀመሪያው መልስ እንዲህ ነው። ብዙ ገንዘብ ያለው ሰው ብዙ ኮር ያለበት ፈጣን ስልክ ይገዛል፤ ተራ አስከባሪው ክፉም ቢሆን ችግሩ አይታወቀውም። የእኛ አገር ሰው የሚይዘው ስልክ ግን ብዙውን ጊዜ ርካሽና ደካማ ነው። ከግንቦት 2021 ጀምሮ በቴሌብር ገንዘብ መላክና መቀበል ስለ ተቻለ፣ ያ ደካማ ስልክ የገበያ መሣሪያ ሆኗል። ገበያ ላይ ቆሞ ሒሳብ የሚከፍል ሰው ስልኩ በጀርባው ሌላ ነገር ሲያወርድ ማያው ቢደነዝዝበት፣ ተከፍሏል አልተከፈለም እያለ ይጨነቃል። አንድሮይድ በሰው ዓይን ፊት ያለውን ሥራና ከኋላ ያሉትን ሥራዎች በተለያየ ቡድን የሚያስቀምጠው ስለዚህ ነው። በቀደሙት የአንድሮይድ ስልኮች ለኋለኛው ቡድን የሚሰጠው የድርሻ ቁጥር 52፣ ለፊተኛው 1024 ነበር፤ ይህም በሚሻሙበት ጊዜ ለኋለኛው ከመቶ 5 ያህል ብቻ ማለት ነው። ያ ዘዴ ጠቃሚ ነበር፤ ነገር ግን ተራን ለማስከበር ሲባል ድርሻን የሚቈርጥ ዘዴ ነው። ድርሻና ተራ ሲለያዩ፣ የኋለኛውን ሳናስርብ የፊተኛውን ለማፋጠን እንችላለን። ስለዚህ መልካም ተራ አስከባሪ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ደካማ መሣሪያ ላለው ሰው ነው።

ሁለተኛው መልስ ከስልክ ያልፋል። በእኛ አቆጣጠር ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ከተማችን መብራትና ስልክ በተቋረጡባት ወራት፣ የመብራት ወፍጮ ሁሉ ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ ተራ ማለት እንጀራ ማለት እንደ ሆነ ያላየ የለም። ነገር በበዛበት ጊዜ ተራ አስከባሪ ክፉም ቢሆን ሁሉም ይደርሰዋል፤ ነገር ባነሰ ጊዜ ግን የጥቂቱ አከፋፈል የሰውን ሕይወት ይነካል። ነገ ከዚህ አዳራሽ ከምንወጣው መካከል አንዱ በጤና ጣቢያ ተረኞችን ያስተናግዳል፤ አንዱ በቀበሌ እርዳታ ያድላል፤ አንዱ በውሃ ቦኖ ላይ ይቆማል፤ አንዷም ምናልባት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ትጽፍ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ተራ አስከባሪዎች ናቸው። ለሁሉም የሚጠቅማቸው ትምህርት አንድ ነው። ይኸውም ለእያንዳንዱ ቡድን ስንት እንደሚገባውና በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ሊደርሰው እንደሚገባ ለየብቻ መጠየቅ፣ የብዙዎች ቁጥር ጥቂቶችን እንዳይውጥ መጠንቀቅ፣ በትልቅ ቡድን ውስጥ የተሸሸገውን ደካማ መፈለግ፣ ድርሻውን አልፎ የወሰደውንም ቆሞ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፤ የሊኑክስ ጽሑፍ በሣጥን የተቈለፈ ምስጢር አይደለም። ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊመረምረውና እርማት ሊልክበት የተፈቀደ ነው። የጀመረው የ21 ዓመት ተማሪ ነበር፤ ጉድለቱን ካመለከቱትም አንዱ ፕሮግራምን በራሱ ጥረት የተማረ ሐኪም ነበር። መተላለፊያዎቹን በዓለት ውስጥ የፈለፈሉት አባቶቻችን ለመጪው ትውልድ መንገድ ትተውልናል። እኛም በሒሳብና በእንግሊዝኛ ትምህርታችን በርትተን፣ በዚህ አዲስ ሥራ ውስጥ የበኩላችንን ድርሻ ለማበርከት እንድንነሣሣ አደራ እላለሁ።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ጸንቶ ይኑር እያልሁ ንግግሬን በዚህ እፈጽማለሁ።